ፍላሹ «ማን ነኝ» ይላል?

ልጅዎ ከፎቶ ኮፒ ቤት ይዞት የመጣውን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ አንዲት አጭር ድምፅ ትሰማለች። ያቺ ድምፅ የአንድ ትውውቅ ማብቂያ ናት። ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍላሹ የአምራቹንና የሞዴሉን ቁጥር ይናገራል፤ «ፋይል ማስቀመጫ ነኝ» ብሎ ዓይነቱንም ያሳውቃል። ከዚያ ከርነል የሚባለው የሲስተሙ ዋና ክፍል የሚስማማውን ድራይቨር ፈልጎ ያገናኘዋል።

ድሮ ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነበር። የድምፅ ካርድ የሚገጥም ሰው ካርዱ ላይ ያሉትን ደቃቃ መሰኪያዎች በእጁ ያስተካክል ነበር፤ ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከተሻሙ ኮምፒውተሩ ሊደርቅ ይችላል። ዊንዶውስ 95 ሥራውን ለማሽኑ ሰጠ፤ ወዲያው ግን አልሰመረም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1998 ቢል ጌትስ ቺካጎ ላይ ዊንዶውስ 98ን ሲያስተዋውቁ፣ ረዳታቸው ስካነር ቢሰካ በሕዝብ ፊት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ!

ዛሬ ችግሩ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተነገረውን ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች የፍላሽ ቺፕ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ለውጠው «ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አደረጉት። ኮምፒውተሩም አምኖ፣ ሰው የጻፈው ይመስል ትእዛዙን ፈጸመለት። አንቲቫይረስ ይህን እምብዛም አያየውም።

እኛ ቤት የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ተራው ቫይረስ ነው። ፍላሹን ሲከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነው ያገኟቸዋል። የሰርግ ፎቶውም የመመረቂያ ጽሑፉም የጠፋ ይመስላል። እባክዎ ሾርትከቱን አይክፈቱት፤ ቫይረሱ የሚነሣው በእሱ ነው። ደንግጠው ፎርማትም አያድርጉት። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አሉ፤ የተደበቁ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ያስፈትሹት፣ ከዚያ «ቪው» ውስጥ ገብተው የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ያድርጉ። አሁንም ካልታዩ ምንም ሳይነኩ ለባለሙያ ይስጡት።

ዊንዶውስ 11 ካለዎት ሴቲንግ፣ ቀጥሎ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ»፣ ቀጥሎ «አውቶፕሌይ» ገብተው ያጥፉት። ይህ ፍላሹ በራሱ እንዳይከፈት ያደርጋል እንጂ ትውውቁን አያስቀርም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሌላ ነው፦ ለፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ርካሽ ፍላሽ ይለዩ፣ የሚታተመውን ብቻ ይጫኑበት። ወይም ፋይሉን በቴሌግራም ይላኩላቸው። የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ ግን ከቤት አይውጣ፤ የልጁ የቤት ሥራ ነገ ጠዋት መድረስ ቢኖርበትም።