ሣር ቅጠሉ ምስክር ሲሆን

በአገራችን የዳኝነት ታሪክ ዕፅዋትና የወንጀል ምርመራ የተገናኙበት አንድ የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ ሌባሻይ። ለአንድ ልጅ ከዕፅ የተዘጋጀ መጠጥ ይሰጠዋል። ልጁ ናላው ዞሮ እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት የተገኘው ሰው ሌባ ይባላል። በአውጫጭኝ ደግሞ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ድረስ አይበተንም ነበር። ሁለቱም በዘመናዊ ሕግ ተተክተው ቀርተዋል። የተነሱበት ጥያቄ ግን ዛሬም አለ፤ ያየ ሰው በሌለበት እውነቱን ከማን እንስማ?

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም ነው። ሟች አይናገርም፣ ገዳይ ይክዳል፣ ጎረቤት አላየሁም ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የመርማሪ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በተጠርጣሪው ቃል ላይ ነው። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ ይደነግጋል። ድንጋጌው በተግባር እንዲከበር ከተፈለገ ግን መርማሪው ከተጠርጣሪው አፍ ሌላ የሚያዳምጠው ነገር ሊኖረው ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ከእነዚህ “ሌላ ነገሮች” አንዱን ነው፤ የዕፅዋት ማስረጃን። የእኔ መከራከሪያ አጭር ነው። ዕፅዋት ስለ ቦታና ስለ ጊዜ በሚገባ ይመሰክራሉ፤ “ማን ገደለ?” ለሚለው ግን በቀጥታ መልስ አይሰጡም። ይህን ልዩነት ጠብቆ ለተጠቀመባቸው ፍትሕን ያግዛሉ፤ ላልጠበቀ ደግሞ ሳይንስ የተቀባ ሌባሻይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለምን ዕፅዋት?

መስክ ላይ የዋለ ልጅ ልብሱ ላይ ጭጎጎት ይዞ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። እናቱ “የት ዋልክ?” ብላ ሳትጠይቅ ልብሱን አይታ ትረዳለች። የፎረንሲክ ዕፅዋት ጥናት መሠረቱ ይኸው ነው። ተክል እንደ ሰው ከቦታ ቦታ አይዘዋወርም፤ እያንዳንዱ የሚስማማው አፈር፣ ከፍታና እርጥበት አለ። ከእሱ ተቆርሶ የሄደ ዘር፣ ቅጠል ወይም የአበባ ብናኝ የመጣበትን አካባቢ ይጠቁማል።

ከሁሉም የአበባ ብናኝ የተለየ ጠቀሜታ አለው። በዓይን ስለማይታይ ወንጀለኛው ጠርጎ ሊያስወግደው አያስብም። የውጭ ሽፋኑ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ተስማሚ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ለሺሕዎች ዓመታት፣ ከዚያም በላይ ሳይበሰብስ ይቆያል። የምንበላው አትክልትም ቢሆን የሕዋሳቱ ግድግዳ ሴሉሎስ ስለሆነ በሰው ጨጓራ በቀላሉ አይፈጭም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የሆኑት ጄን ቦክና ዴቪድ ኖሪስ ይህን ተጠቅመው ከሟች ጨጓራ የተገኘ ምግብ ከየትኛው አትክልት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ የሚለይበትን ዘዴ አዳብረዋል። ሟች በመጨረሻ የበላው ምግብ ተጠርጣሪው “አብረን በላን” ካለው ጋር ካልገጠመ፣ መርማሪው አንድ ጠቃሚ ጥያቄ አገኘ ማለት ነው።

መሰላሉ የተናገረው

ዘርፉን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው የሊንድበርግ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው የቻርልስ ሊንድበርግ የ20 ወር ልጅ በመጋቢት 1932 ኒው ጀርሲ ከሚገኘው ቤቱ ተሰረቀ፤ በግንቦት ወር አስከሬኑ ተገኘ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌባው ጥሎት የሄደው በእጅ የተሠራ የእንጨት መሰላል ነበር።

የእንጨት ሊቁ አርተር ኮለር መሰላሉን ፈታትቶ መረመረው። በጣውላው ላይ የመላጊያ ማሽን የተወውን ምልክት መሠረት አድርጎ ከ1,500 በላይ የእንጨት ፋብሪካዎችን አጠያየቀ። ፍለጋው ወደ ሳውዝ ካሮላይና ወሰደው፤ ከዚያ የተጫነውን እንጨት እየተከተለ በ1933 መጨረሻ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ካለ የእንጨት መሸጫ ደረሰ። ተጠርጣሪው ብሩኖ ሃውፕትማን የተያዘው ግን በ1934 ለማስለቀቂያ የተከፈለውን ገንዘብ ሲያወጣ ነው። ቤቱ ሲፈተሽ ከኮርኒሱ በላይ ካለው ወለል አንድ ጣውላ ተቆርጦ ጎድሎ ተገኘ። የመሰላሉ አንድ ቋሚ በዕድገት ቀለበቱም በአራቱ የሚስማር ቀዳዳዎቹም ከዚያ ወለል ጋር ገጠመ። ሃውፕትማን በ1935 ተፈርዶበት በ1936 በሞት ተቀጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እንጨቱ የመሰከረው ጣውላው ከዚያ ቤት መሄዱን ነው። መሰላሉን ማን ሠራው፣ ማን ወጣበት የሚለውን ዐቃቤ ሕግ በሌላ ማስረጃ መሙላት ነበረበት። የተያዘው ገንዘብ ባይኖር ጣውላው ብቻውን ክርክሩን ባልጨረሰው ነበር።

ጭቃና ሳማ

ስለ ቦታ ምስክርነት ዘወትር የሚጠቀሰው የ1959 የኦስትሪያ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በዳኑብ ወንዝ ላይ ሲጓዝ ቪየና አካባቢ ጠፋ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ከተጠርጣሪው ጫማ ላይ የተፋቀው ጭቃ ለዊልሄልም ክላውስ ተሰጠ። ክላውስ በጭቃው ውስጥ ከወቅቱ ዛፎች ብናኝ ጋር ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የዛፍ ብናኝ አገኘ። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚገኙት ከቪየና በስተሰሜን ባለች ጠባብ ቦታ ነበር። ይህ ሲነገረው ተጠርጣሪው አመነ፤ አስከሬኑ ወዳለበትም መርቶ ወሰዳቸው። ልብ በሉ፤ ማስረጃው ቀደመ፣ ቃሉ ተከተለ፣ ቃሉም በአስከሬኑ መገኘት ተረጋገጠ። የእምነት ቃል ክብር የሚኖረው በዚህ ቅደም ተከተል ሲገኝ ይመስለኛል።

ስለ ጊዜ ደግሞ የእንግሊዙን የሶሃም ግድያ እንመልከት። በነሐሴ 2002 የጠፉ ሁለት የ10 ዓመት ሕፃናት ከ13 ቀናት በኋላ ሌክንሂዝ አቅራቢያ ከአንድ ቦይ ውስጥ ሞተው ተገኙ። የዕፅዋት ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ዊልትሻየር በቦታው የበቀለውን ሳማ አጠኑት። ሳማው ከተረገጠ በኋላ ከጎን አዲስ ቡቃያ አውጥቶ ነበር። ከቡቃያው ዕድገት ተነስተው ሰው ያለፈበት ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሆነው ገመቱ፤ የተረገጠበትን መስመርም አመለከቱ። እኛ ለመለብለቡ ብቻ የምናውቀው ሳማ እዚያ የቀን መቁጠሪያ ሆነ። ተከሳሹ ኢያን ሃንትሊ በታኅሣሥ 2003 ጥፋተኛ ተባለ።

ፍርድ ቤት ያበጀው ልጓም

ወደ አሪዞናው የ1992 ጉዳይ ልለፍ። ፊኒክስ አካባቢ አንዲት ሴት ተገድላ ተገኘች። በሥፍራው የወደቀ ፔጀር ፖሊስን ወደ አንድ ሰው መራው። ሰውየው ሟችን በመኪናው አሳፍሯት እንደነበር አመነ፤ አስከሬኑ ወደተገኘበት ቦታ ግን አልሄድኩም አለ። ከመኪናው የጭነት ክፍል ግን ከግራር ጋር የሚዛመደው የፓሎ ቬርዴ ዛፍ ሁለት ፍሬዎች ተገኙ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ሄለንትጃሪስ ዲኤንኤያቸውን በሥፍራው ካሉት ዛፎች ጋር አነፃፀሩ። ፍሬዎቹ ከአንዱ ዛፍ ጋር ብቻ ገጠሙ።

የተክል ዲኤንኤ በወንጀል ችሎት ተቀባይነት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ለእኔ ግን ከማስረጃው ይልቅ የዳኛው ጥንቃቄ ይበልጣል። ባለሙያው “ገጥሟል” ብሎ እንዲመሰክር ተፈቀደለት፤ በአጋጣሚ የመግጠሙ ዕድል ይህን ያህል ነው የሚለውን ቁጥር ግን ለዳኞች እንዳይናገር ተከለከለ። በቂ መሠረት የሌለው ቁጥር ሰሚን እንዳያሳስት ማለት ነው። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1995 የጥፋተኝነት ውሳኔውን አጸናው።

ይህ ጥንቃቄ ትርፍ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ሪፖርት ብዙ የፎረንሲክ ዘርፎች ሳይንሳዊ መሠረታቸው በቅጡ እንዳልተፈተሸ ገልጿል። ዲያቶም የተባሉትን ደቃቅ የውኃ አካላት እንውሰድ። ሰው በሕይወት እያለ ውኃ ውስጥ ከሰጠመ ዲያቶም ከሳንባው ወደ ደሙ፣ ከደሙም ወደ መቅኒው ሊደርስ ይችላል። ሞቶ ከተጣለ ደም ስለማይዘዋወር ይህ አይጠበቅም። ነገር ግን ዲያቶም በምንጠጣው ውኃና በላቦራቶሪ ዕቃ ላይም ሊኖር ስለሚችል ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብናኝም ቢሆን በነፋስ ይሄዳል፤ ከሰው ልብስ ወደ ሰው ልብስም ይተላለፋል።

ለእኛስ?

የዕፅዋት ማስረጃ ከአንድ ሰው ሞት አልፎ የጅምላ ግድያንም አጋልጧል። በ1995 በስሬብሬኒካ ከ8,000 በላይ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ገዳዮቹ አስከሬኖቹን በማሽን ቆፍረው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ። መርማሪዎች አፈሩንና ብናኙን አነፃፅረው፣ ከጥይት ቀለሆችና ከጨርቅ ቁርጥራጮች ጋር አያይዘው፣ የሁለተኛውን መቃብር ከመጀመሪያው ጋር አገናኙ። በእኛም አገር የቀይ ሽብር ወንጀሎችን እንዲመረምር በ1992 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአርጀንቲና ባለሙያዎች እየታገዘ የጅምላ መቃብሮችን ማስቆፈሩ ይታወሳል። መሬት ምስጢር እንደማትጠብቅ ከራሳችን ታሪክም እናውቃለን ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሠረት በከፊል በእጃችን አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የተሰበሰበው የዕፅዋት ናሙና አንዱ ነው። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀውና ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የመዘገበው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሌላው ነው። የመሬታችን አቀማመጥም ይረዳል። በጥቂት ሰዓት መንገድ ከቆላ ደጋ በሚወጣበት አገር፣ ዕፅዋቱም በዚያው ልክ ይለዋወጣል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ተክል እኩል አይናገርም። በአዲስ አበባ ነዋሪ ጫማ ላይ የባሕር ዛፍ ብናኝ ቢገኝ ምንም አያስረዳም፤ ባሕር ዛፍ የሌለበት ሰፈር የት አለ? የሣር ዘሮች ብናኝም በማይክሮስኮፕ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል የጤፍ ማሳን ከሌላ የሣር መስክ መለየት እጅግ ይከብዳል። በአንፃሩ የቆላ ኑሮ አለኝ በሚል ሰው ልብስ ላይ በውርጭ አገር ብቻ የሚበቅለው የጅብራ ብናኝ ቢገኝ፣ ማብራሪያ ሊጠየቅበት የሚገባ ነገር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አስከሬን የተገኘበት ቦታ በተመልካች እግር ከመረገጡ በፊት ይከለል። የሟችና የተጠርጣሪ ጫማና ልብስ ለየብቻው በወረቀት ይታሸግ፤ በላስቲክ ከታፈነ ይሻግታል። ከሥፍራው አፈርና ቅጠል ናሙና ይወሰድ፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንዳነሳው ይጻፍ። ሁለተኛው፣ መርማሪ ፖሊስ የዕፅዋት ባለሙያን ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን ቦታው ገና ትኩስ ሳለ የሚጠራበት አሠራር ይበጅ።

ሦስተኛው የጠበቆችና የዳኞች ድርሻ ነው። የዕፅዋት ማስረጃ በቀረበ ቁጥር ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፤ ይህ ተክል በአካባቢው ምን ያህል የተለመደ ነው? በሌላ መንገድ ወደ ተከሳሹ ሊደርስ አይችልም ወይ? ባለሙያውስ የሚናገረው ስለ ቦታው ነው ወይስ ስለ ሰውየው? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ችሎት፣ የባለሙያው ማዕረግ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ሰውን ወደ ወህኒ ለመላክ ሊቸኩል አይገባም።