ወረራና የድል ደረጃ፦ ሰንጠረዥ ለዲጂታል የስልት ጨዋታ ምን ይሰጣል?

«ሰንጠረዥ 1» የሚል አርእስት የሌለበት የድኅረ ምረቃ ጥናት ማግኘት ያዳግታል። ቃሉ ዛሬ ቁጥሮች በዓምድና በረድፍ የሚደረደሩበትን ቅርጽ ብቻ የሚያመለክት ሆኗል። ቀድሞ ግን ነገሥታትና መኳንንት የሚጫወቱት ጨዋታ ስም ነበር። ጨዋታው ሲዘነጋ ስሙ ወደ ጥናት ወረቀት ተሻገረ፤ ለጨዋታውም «ቼዝ» የሚል የውሰት ስም ተሰጠው። ይህ የስም ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ሰንጠረዥ ግን ቼዝ አይደለም፤ ልዩነቱም ያለው ጨዋታውን ተወዳጅ በሚያደርጉት ሕጎች ውስጥ ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ወረራ የሚባለው ነው። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ መልሶም ይሠራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። በቼዝ ጨዋታውን ለመክፈት መጽሐፍ ማጥናት ይረዳል። በወረራ ግን የሚረዳው ዓይንን ከባላጋራ እጅ አለመንቀል ነው።

ሁለተኛው ሕግ፣ ይበልጥ ሊጤን የሚገባውም፣ ድል ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ያጠመደ ተጫዋች አሸንፏል፤ ግን አይወደስም። በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ በሚሄደው ፈርዝ፣ በሰያፍ ዘሎ ሦስተኛው ቤት ላይ በሚያርፈው ፊል፣ ወይም በእግረኛው መደቅ የጨረሰ ግን ጥበበኛ ይባላል። ጭፍሮቹ ሁሉ አልቀው ብቻውን በቀረ ንጉሥ ላይም ማት ማለት አይቻልም፤ ባላጋራውን ፈጽሞ የገፈፈ ሰው ማሸነፊያውን ራሱ ያጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጠጠር የሚቆጥር ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አገባቡና አጨራረሱ በእኩዮቹ ፊት የሚመዘን የጦር አዝማች ገጸ ባሕርይ ይላበሳል።

በዓለም ላይ ስልትን ከገጸ ባሕርይ ጋር ያዋሐዱ የቪዲዮ ጨዋታዎች የሚማርኩትም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። የኒንቴንዶው «ፋየር ኤምብለም» በ1990 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲወጣ በውጊያ የወደቀ ወታደር ተመልሶ አይነሣም ነበር፤ ወታደሩ ደግሞ ስምና ታሪክ አለው። ብዙ ተጫዋቾች ምዕራፉን አሸንፈው ሳለ አንድ ሰው ስለጠፋባቸው ብቻ እንደገና ይጀምሩታል። በ2010 ይህን ሕግ መተው የሚፈቅድ አማራጭ ተጨመረ፤ ብዙ ነባር ወዳጆቹ ግን ዛሬም የሚመርጡት ጥብቁን ነው። ድል ዋጋ ከሌለው ለእነርሱ ጣዕም የለውም።

ፒያሳ ላይ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ወዳጅ ብዙ አይደለም። በአዲስ አበባ የጌም ቤቶች ገበያ ያለው እግር ኳስ ነው። ሆኖም ለስልት ጨዋታ ከጊዮርጊስ አደባባይ የተሻለ መነሻ ቦታ ማሰብ ይከብዳል፦ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው ካቴድራል፣ የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛሉ። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ስለ ዓድዋ ጨዋታ ልሥራ የሚል ወጣት ባለሙያ የውጭ ተኩስ ጨዋታ ወስዶ ጋሻና ጎፈር ሊያለብሰው ይችላል፤ ሥዕሉ የአገር፣ ሕጉ የሰው ይሆናል። የተሻለው መንገድ ምን እንደሚመስል ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ ሲያመጣ አሳይቷል፤ የተወሰደው የጨዋታው ሕግ ራሱ ነውና። ሰንጠረዥም ይኸው ይገባዋል።

መቃወሚያ አይጠፋም። ሕጎቹ የሚታወቁት በአመዛኙ ከመንገደኞች ማስታወሻና ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ካሳተመው ጽሑፍ ነው፤ ዘገባዎቹም በዝርዝር ነገር ላይ ሁልጊዜ አይስማሙም። ይህ ግን ሥራውን የሚያስተው አይደለም፤ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ርዕስ ነው፣ የሚያስታውሱ አረጋውያን ካሉም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ወረራን በኮምፒውተር መሥራት የሚያስነሣው ችግር ይከብዳል። ኢንተርኔቱ ፈጣን የሆነለት ተጫዋች ያለ ጥበብ ሊቀድም ይችላል፤ ስለዚህ ወረራው በአንድ ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ቢሠራ ይሻላል።

ፊት ለፊት መቀመጡ ሌላም ጥቅም አለው። በ1814 እ.ኤ.አ. የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ያየው ሰንጠረዥ ጸጥታ የሰፈነበት አልነበረም። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያዎች ሳይቀሩ፣ ሐሳብ ይሰጥ ነበር፤ የተሻለ መንገድ የታየው ሰው እጁን ሰዶ ጠጠሩን አንሥቶ ያሳይ ነበር።