የእንግሊዝኛ ፈተናና የቆቦ ልጅ

በዚህ ዓመት በግቢያችን ውስጥ፥ ከምግብ ቤቱ ሰልፍ ቀጥሎ፥ ረጅሙ ሰልፍ የሚታየው በፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ነው። የሚባዛው ግን የክፍል ማስታወሻ አይደለም፤ አይልትስና ቶፍል ለሚባሉት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች ያዘጋጃል የተባለ ወረቀት ነው። ከወረቀቱም ሁሉ አብልጦ የሚፈለገው አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ድርሰት ነው። ተማሪው ድርሰቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይይዘዋል፤ በፈተናው ቀን ርእሱ ምንም ይሁን ምን፥ ጥቂት ቃል ለዋውጦ ሊገለብጠው ቈርጧል። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር የሚመኘውን ወንድማችንንም ሆነ እኅታችንን አንነቅፍም፤ ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው። የምንነቅፈው የዝግጅቱን መንገድ ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው ከቆቦ፥ ከጎብዬ፥ ከሮቢትና ከአራዱም የመጣን ተማሮች ስንሆን፥ ነገሩ ከሌላው ይልቅ የሚከነክነን ለምን እንደ ሆነ ዝቅ ብለን እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ፈተናው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። ቶፍል እ.ኤ.አ. ከ1964፥ አይልትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሰጡ ፈተናዎች ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ማዳመጥን፥ ማንበብን፥ መጻፍንና መናገርን ይመዝናሉ። አይልትስን ለምሳሌ ብንወስድ፥ በማዳመጡ ክፍል 40 ጥያቄ ይቀርባል፤ ድምፁ የሚሰማው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያመለጠው አመለጠ ማለት ነው። በንባቡ እንዲሁ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ይሠራል። በጽሕፈቱ በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፎች ይጻፋሉ፤ አንደኛው ከ150፥ ሁለተኛው ከ250 ቃላት ያላነሰ መሆን አለበት። በንግግሩ ደግሞ ተማሪው ከፈታኙ ጋር ፊት ለፊት ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይነጋገራል፤ በመካከሉም አንድ ርእስ ተሰጥቶት፥ አንድ ደቂቃ አስቦ፥ እስከ ሁለት ደቂቃ ድረስ ብቻውን ይናገራል።

ጽሑፉ የሚታረመው በአራት እኩል መመዘኛዎች ነው፤ እነዚህም የተጠየቀውን መመለሱ፥ የአሳቡ መያያዝ፥ የቃላቱ ስፋትና ሰዋስው ናቸው። እንግዲህ ሰዋስው ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። እኛ ግን ከትንሽነታችን ጀምሮ እንግሊዝኛ ማለት ሰዋስው፥ ሰዋስው ማለትም ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት ምርጫዎች አንዱን ማጥቆር ነው ብለን አድገናል። በቃል የተያዘውን ድርሰት የተመለከተ እንደ ሆነ፥ አራሚዎቹ ለይተው እንዲያውቁት የሠለጠኑበት ጉዳይ ነው፤ የተጠየቀውን ስላልመለሰም ነጥቡ ይቀነስበታል። የፈተናው ክፍያ ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። አባት በሬ ሸጦ ያመጣውን ገንዘብ በተገለበጠ ድርሰት ላይ ማስያዝ ቁማር እንጂ ዝግጅት ሊባል ይችላልን?

ነገር ግን ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሥሩ ከታች ነው። በቆቦ አንድ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ በአማርኛ ይማራል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛው ትምህርት በቀር መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሰኔ ላይ ስለ ዕፅዋት አተነፋፈስ በአማርኛ አጥርቶ የመለሰው ልጅ፥ መስከረም ላይ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። በሁለት ወር ክረምት ውስጥ ደንቁሮ አይደለም፤ የሚያውቀውን የሚናገርበት አፍ ተወስዶበት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት አስተማሪውም ተማሪውም የሚሮጡት ለ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ እርሱም ምርጫ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በገዛ አሳቡ አንዲት ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ሳይጽፍ፥ ሁለት ደቂቃም ቆሞ ሳይናገር ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል። የሚደርሰውም ጥቂቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላው አገር ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነ። ይህን ሁሉ እንግሊዝኛ አመጣው አንልም፤ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ሰው ግን የሒሳብ ዕውቀቱ ሊለካ አይችልም።

መድኃኒት አልተሞከረም ለማለት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። ታላላቆቻችን እንደሚያጫውቱን፥ ድምፁ ይሮጣል፤ መምህሩ ዳር ቆሞ ያያል፤ ጥያቄ ያለው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማሽኑ አይቆምለትም። ተማሪው ሰምቶ ይሆናል፤ የመለሰለት ግን አልነበረም።

የራያ ልጅ ቋንቋ መልመድ የሚያቅተው ሰው ነውን? አይደለም። የቆቦን ገበያ ያየ ይህን ያውቃል። አማርኛው እንዳለ ሆኖ፥ ከአላማጣ በኩል የመጣው ነጋዴ ትግርኛ ይናገራል፤ በቆላው ቀበሌዎች ኦሮምኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከዞብል ተራራ ማዶ ደግሞ አፋሮች ግመላቸውን እየነዱ ይመጣሉ። በዚህ መካከል ያደገ እረኛ ልጅ ሦስት ቋንቋ ሲያቀላጥፍ ብናይ አንደነቅም። ማን አስተማረው? የግሡን እርባታ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈለት የለም። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሰማ፤ ቀጥሎ ሰላምታውን ያዘ፤ ከዚያ ቍጥሩን፥ ምክንያቱም ዋጋ የማያውቅ ይታለላል። በሚቀጥለው ገበያ አንድ ነገር ተሳስቶ ተናገረና ተሳቀበት። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ፤ በገበያ የሚስቅብህ ሰው ፍየሉን ሊሸጥልህ ስለሚፈልግ ስቆ ያርምሃል፤ በክፍል የሚስቅብህ ግን ስቆ ዝም ይላል። እኛም ሁላችን በ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የተናገረውን ልጅ «ፈረንጁ መጣ» ስንባባል ኖረን፥ ዛሬ ፈታኝ ፊት አፋችን ተያዘ ብለን እናዝናለን።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ፈተና የሚያዘጋጀው ወረቀት ማባዛት ሳይሆን፥ የራያ ልጅ በገበያ የሚያውቀውን የቋንቋ አለማመድ ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት ነው፤ እርሱም መጀመር ያለበት እዚህ በአራተኛ ዓመት ሳይሆን እዚያ በ9ኛ ክፍል ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ልጆች አጣዳፊ የሆነበትን ምክንያት አንባብያን አይስቱትም። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነት ተያዘች፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስም በዚያው ቆየች። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደ ገና የተቀሰቀሰው በዚያው በአካባቢያችን ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ትንፋሽ ሳይመለስ፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የስልክ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች ናቸው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ፊት የተቀመጡት። ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር አንድ ጥያቄ፥ በአንድ ሰዓት ይቀርብላቸዋል። የፈተና አዳራሽ ያንን ዘመን አይቈጥርላቸውም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለምን በእንግሊዝኛ እንማራለን? በገዛ ቋንቋችን ይሁን እንጂ» ይሉናል። ክርክሩ የቆየና የተከበረ ነው፤ እስከ መጨረሻው ብንከራከር ደስ ይለናል። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ የ9ኛ ክፍሉ ልጅ አይጠብቅም። ደግሞም አንድ ሌላ ነገር አለ። የራያ ገበሬ ማሽላውን የሚጨርስበት አረም አቀንጭራ ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ደሙን ይመጠዋል። በጂማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ፥ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ከከተማችን ስም ጋር አንድ ነው። ስለ ዝርያው የተጻፈው ጥናት ግን በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የጎብዬ ልጅ ስለ ጎብዬ ማሽላ ለማንበብ እንኳ ይህ ቋንቋ ያስፈልገዋል። (ተምረው ወደ ውጭ ይቀራሉ የሚል ስጋት ላለውም ይኸው መልስ ይሆነው ይመስለናል። ለመቅረትም ቢሆን ለመመለስም፥ ማንበብ መቻል ይቀድማል።)

ይህም ስለ መለማመጃ ርእሶች ያስታውሰናል። የሚባዛው መጽሐፍ ስለ ሙዚየም ጉብኝትና ስለ መርከብ ሽርሽር ጻፍ ይላል። ቆቦ ተወልዶ መርከብ ያላየ ልጅ ምን ይጽፋል? የሌላ ሰው ድርሰት ከመገልበጥ በቀር። ስለ አቀንጭራ፥ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ ውሃ እየተሳበ ስለሚለማው ሽንኩርት፥ ስለ ግመል ዋጋ ጻፍ ቢባል ግን የሚለው አያጣም፤ የሚጐድለው ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃል ደግሞ ይገኛል። ሥዕልና ሠንጠረዥ አይተህ ግለጽ የሚለውንም የፈተናውን ክፍል በወራት ዝናብ መጠን ልናለማምደው እንችላለን።

በበኩላችን በሚመጣው ክረምት፥ መንገዱ ሰላም ከሆነ፥ ወደ ቆቦ ስንመለስ የማታ ክፍል ልንከፍት ተስማምተናል። በመጀመሪያው ወር የምርጫ ወረቀት ወደ ክፍሉ አይገባም። በየማታው ግማሽ ሰዓት ይሰማል፤ የሚሰማውንም ዜናና ንግግር መስመሩ ደኅና ከሆነበት ከዚህ ከግቢው በስልክ ሚሞሪ ጭነን እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ይሰማል፤ የተያዘው ይጻፋል፤ ከዚያ ነው የሚደገመው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ የሳቀ ሰው ቀጣዩ ተናጋሪ ይሆናል። በሳምንት አንዲት ገጽ ይጻፋል።

የእኛ እርማት እንደማይበቃ እናውቃለን፤ ስለዚህ መምህሮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ገጾቹን ሰብስበን መስከረም ላይ እናመጣቸዋለን፤ ከእንግሊዝኛ ክፍል መምህራን ፈቃደኛ የሆነ ጥቂት ጥቂቱን ተካፍሎ ያርምልን። ሲያርሙም ቀይ ቀለሙን በሰዋስው ላይ ብቻ እንዳይጨርሱት፥ ልጁ ምን ለማለት እንደ ፈለገ አንድ መስመር እንዲጽፉለት እንማጸናለን። ለእነዚህ ልጆች መልስ የጻፈላቸው ሰው እምብዛም የለም።

ማኅበሩንም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እዚሁ ግቢ ለሚቀሩትና ለፈተናው ለሚዘጋጁት በሳምንት ሁለት ማታ አንድ ክፍል ይፍቀድልን፤ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጅ የሚቆመው ሰው እዚያ ገብቶ ቢነጋገር ይሻላል። የቆቦ ሰው ያልሆነም ይምጣ፤ ከሐረርም ከጋሞም ቢሆን። ክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ይኑረው እንጂ ጠመኔውን እኛ እናመጣለን።