ቀለበቷ የወለቃ ናት

ከአንድ ወንድማችን አያት ሣጥን የወጣው ካኖኔት ካሜራ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ይቀመጥ የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። መሥራት የሚችል ዕቃ ለእይታ መደርደር ኢስራፍ ነው።

መዝጊያው ያለ ባትሪም ይሠራል፤ ያስቸገረን የብርሃን መለኪያው ነው። የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። የዛሬው የሰዓት ባትሪ 1.55 ስለሆነ መለኪያው ብርሃኑን አብልጦ ያነባል፣ ፎቶው ይጨልማል። ከአሮጌ ራዲዮ የነቀልናት የጀርማኒየም ዳዮድ ትርፏን 0.2 ቮልት ዋጠችልን።

ባትሪው ግን ለቦታው አንሶ ይንሸራተት ነበር። ሁለት ቀን በካርቶን ታገልን። በመጨረሻ በደባርቅ መንገድ ወለቃ ሄደን፣ አንድ ባለእጅ አባት ከናስ ቧንቧ ቀለበት ቆረጡልን። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። የምህንድስና ተማሪዎች መሆናችንን መናገር አፈርን።

የወለቃን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ «ጠይብ» ያለ አፍ ሸማኔ አያቶቻችንንም «ቁጢት በጣሽ» ብሏል። ታዲያ ዛሬ እኛው ጠጋኝን እንንቃ?

ፊልም ውድ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ፎቶ ይበቃል። ካሜራው ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ በር ላይ ነው፤ ማንሳት የሚፈልግ ይምጣ።