የእናቶቻችን ምርመራ ማሽን እስኪመጣ አይጠብቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ጡት ካንሰር ሲነሣ «ልጆቼን አጥብቼ አሳድጌያለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ያገኘኛል?» የሚሉ በዕድሜ የገፉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በበሽታው የመያዝ ዕድልም ይጨምራል። እብጠቱ በጅማሬው ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው «ብርድ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። በጥቅምት ወር በየስልካችን የምናየው ሮዝ ሪባንም እነርሱ ዘንድ አይደርስም።

በአሜሪካ በ2024 የወጣው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራፊ እንዲነሡ ያሳስባል። ለጅሌ ጥሙጋ ወይም ለደዌ ሐረዋ ገጠር እናት ይህ ሩቅ ነው። ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥን? በሕንድ ሙምባይ ከተማ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና 20 ዓመት የፈጀ ጥናት ውጤቱ በ2021 ታትሟል። የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡትን በእጅ ዳስሰው ይመረምሩ ነበር። በጠቅላላው ሲታይ የሞት መቀነሱ አጠራጣሪ ነበር፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ግን ሞት ወደ 30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ንጽጽር በኋላ የተሠራ ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበብ። ሆኖም ይበልጥ የተጠቀሙት እኛ የምንዘነጋቸው እናቶች መሆናቸው ቸል የሚባል አይደለም።

ትልቁ መሰናክል ሀፍረትና ጸበልን ከሕክምና ጋር ማጣላት ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ ሐኪምን ለመንቀፍ የሚጠቅሱ አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ማዘዙን፣ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደነበረ ይዘነጉታል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ለጡት እብጠትም ሌላ ሕግ ሊኖረን አይገባም፤ ጸበል የሚጠመቁ እናት በሐኪም ቢታዩ ከእምነታቸው አንዳች አይጎድልም።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶች ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው፣ ሴት መርማሪዎች ከቅዳሴ በኋላ እናቶችን በተከለለ ክፍል እንዲያዩ ቢያመቻቹ መልካም ነው። በሽታው ሃይማኖት አይለይምና ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይጋበዙ፤ አፋን ኦሮሞ የምትናገር መርማሪ ትኑር። ባቲ ላይ ደግሞ የሰኞው ገበያ እናቶችን አስቀድሞ ሰብስቦልናል።

ነገር ግን እብጠት ተገኝቶባቸው ቀጣይ መንገድ ሳይዙ ወደ ቤት የሚመለሱ እናት ያተረፉት ፍርሃትን ብቻ ነው። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በሀገራችን የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬም ከከሚሴ ተነሥቶ ለሚሄድ የመሳፈሪያውና የማደሪያው ወጪ ከባድ ነው። የጽዋ ማኅበሮቻችን ለዝክር እንደሚያዋጡ ሁሉ ለደሴና ለአዲስ አበባ መሳፈሪያ የሚሆን ሣጥን ከምርመራው ቀን አስቀድመው ይክፈቱ፤ አብራቸው የምትሄድ አንዲት እኅትም በስም ትመደብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።