ሕፃን የሌለበት ደን፦ ከጀብራ ለመተማና ለቋራ ወገኖች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይህ ደብዳቤ በደቡብ ካርቱም በጀብራ ሰፈር ለዓመታት ከኖሩት፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከፊሎቹ እዚያው ከቀሩት፣ ከፊሎቹም በገላባት በኩል መተማ ከገቡት ኢትዮጵያውያን ወገን፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የዕጣን ዛፍ ያለበትን ደን በጋራ ለሚጠብቁትና ለሚጠቀሙበት የመተማና የቋራ ወገኖች የሚላክ ነው። በጀብራ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ቡና በተፈላ ቁጥር ፍም ላይ የሚጣለው ዕጣን የሚለቀምበት ዛፍ ከገላባት ማዶ ባለው በዚያ ቆላ የሚበቅል ነውና፣ የደኑ ነገር ለስደተኛውም የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ደብዳቤው የሚያተኩረው የደን ባለሙያዎች «ያልተቋረጠ ሽፋን» በሚሉት የደን አያያዝ ላይ ነው። ይህም ማለት አንድን ደን በአንድ ጊዜ መንጥሮ እንደገና ከመትከል ይልቅ፣ የደረሰውን፣ የታመመውንና ሌላውን የሚያፍነውን ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ እየመረጡ በማውጣት፣ መሬቱ ሳይራቆት ቡቃያው፣ ጎረምሳውና አዛውንቱ ዛፍ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ነው። ጀርመናዊው አልፍሬድ ሞለር እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ቢያስፋፋውም፣ ከእርሱ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1890፣ ኦንሪ ቢዮሌ የተባለው የስዊዘርላንድ የደን ሹም ኩቬ በምትባል መንደር የጋራ ደን ውስጥ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ደኑ የመንደሩ ሕዝብ ሀብት በመሆኑ የቢዮሌ ልምድ ለመተማና ለቋራ ሰው ይበልጥ ይቀርባል።

የቢዮሌ መንገድ በመዝገብ የሚሠራ ነው። የተወሰነ ውፍረት ላይ የደረሰ ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም በሰው ደረት ልክ፣ እየተለካ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልኬታው ይደገምና ሁለቱ መዝገቦች ሲነጻጸሩ ደኑ በመካከሉ ምን ያህል እንዳደገ ስለሚታወቅ፣ የሚቆረጠው መጠን ከዚያ ዕድገት ጋር እየተገናዘበ ይወሰናል። መዝገቡ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ዕድሜው በተደባለቀ ጤናማ ደን ውስጥ ቀጫጭኖቹ እጅግ ብዙ፣ ወፋፍራሞቹ ጥቂት ሆነው ይገኛሉ፤ ቀጫጭኖቹ ከጠፉ ግን ደኑ ለዓይን ሙሉ ቢመስልም ወራሽ አጥቷል ማለት ነው።

በአካባቢው «ዋልያ መቀር» የሚባለው የዕጣን ዛፍ የደረሰበት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን በ23 ሥፍራዎች ከ20 ሺህ በላይ ዛፎችን የመረመረ ጥናት፣ ከሥፍራዎቹ በሦስት አራተኛው ትንንሽ ዛፎች ፈጽሞ አለመኖራቸውን ካሳየ በኋላ፣ ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። በሰሜን ኢትዮጵያ የዛፎቹን የዕድሜ ቀለበት የቆጠሩ ተመራማሪዎችም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተተኪ ዛፍ እንዳልተገኘ ደርሰውበታል። እንግዲህ ዛሬ ዕጣን የሚለቀምባቸው ዛፎች በአያቶች ዘመን የበቀሉ ናቸው፤ ማንም በመጥረቢያ ሳይነካቸው እንኳ በእርጅና ብቻ ደኑ ሊያልቅ ይችላል። ያልተቋረጠ ሽፋን የሚለው ቃል ዛፍ አለመቁረጥ ብቻ ተደርጎ ከተወሰደ እዚህ ላይ ፈጽሞ ያሳስታል።

የዕጣን ዛፍ ሕፃንነት ረጅምና ፈተና የበዛበት ነው። በክረምት የበቀለው ቡቃያ ጥቂት ቅጠል አውጥቶ፣ በጋ ሲገባ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ይደርቅና ሥሩ ብቻ ይተርፋል፤ በቀጣዩ ዝናብ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ጉልበት አከማችቶ በጋን የሚሻገር ግንድ እስኪያቆም ድረስ ይህ ለዓመታት ይደጋገማል። በእነዚህ ዓመታት አጠገቡ የበቀለው ረጅም ሣር ክረምቱ ሲወጣ ይደርቃል፤ ለግጦሽ፣ ለማሳ ጠረጋ ወይም በቸልተኝነት የተለቀቀ እሳትም ሣሩን ተከትሎ ይመጣል፤ ከእሳቱ የተረፈውን ለጋ ደግሞ ከብትና ፍየል ይቀነጥበዋል። በዚህ ላይ የሰሊጥ እርሻ መስፋፋት ሲጨመር፣ ተተኪ መጥፋቱ የሚያስገርም አይሆንም።

የለቀማው አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው። በበጋው ወራት፣ ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ፣ ለቃሚው ምንጋፍ በሚባለው መፋቂያ እንደ ወረቀት ከሚላላጠው ቅርፊት ሥር ትንሽ ቁስል ይከፍታል፤ ነጭ ጠብታው ወጥቶ ሲደርቅ ይለቅማል፤ ቁስሉንም በየጊዜው እያሰፋ ይመላለስበታል። በኤርትራ የተደረገ ጥናት፣ ካልቆሰሉ ዛፎች የተገኘው ዘር አብዛኛው ሲበቅል፣ አብዝተው ከቆሰሉት የተገኘው ግን ጥቂቱ ብቻ እንደሚበቅል አሳይቷል፤ ዛፉ ለዘሩ የሚያወርሰውን ስንቅ ሙጫ አድርጎ ይጨርሰዋልና። ስለዚህ ቁስሉን ማብዛት የዘንድሮን ምርት ከመጪው ትውልድ ዛፍ ላይ መበደር ነው።

«ያልተቋረጠ ሽፋን» ከሚለው ተቃራኒ የሆነው አያያዝ ምሳሌ ከዚያው ከአማራ ክልል ሳይወጡ በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ይገኛል። የአካባቢው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር እያበቀለ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ጠቅላላውን ቆርጦ ለከሰል ያውለዋል፤ በግል ማሳ ላይ ብዙ ቤተሰብ ያኖረ አሠራር ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ የሆነ ዛፍ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ሲገባበት ሁሉም በአንድነት ተመታ። የጋራ ደን ግን የአንድ ሰው ማሳ ስላልሆነ እንዲህ ዓይነቱን ዕጣ ሊሸከም አይችልም፤ ለምሳሌ በነጭ ዓባይ ዳር በካርቱም የነበረው የሱኑት ግራር ደን በጦርነቱ ወራት ለማገዶና ለከሰል ሲመነጠር፣ ያን ጥላ የሚያውቁት የከተማዋ ነዋሪዎች ያጡት እስከ ልጆቻቸው ዘመን ድረስ የማይመለስ ነው።

ለመተማና ለቋራ ደን የሚበጀው አያያዝ ከኩቬ ሊቀዳ አይችልም፤ የአውሮፓው ጥቅጥቅ ደን ሲሆን የቆላው ደን ከመነሻውም ሳሳ ያለ ነው፤ የዕጣን ዛፍም ብርሃን ይወዳል። ሊወሰድ የሚገባው ቆጠራውና ተራው ነው። ደኑ በክፍል በክፍል ተከፍሎ አንዱ ክፍል ከግጦሽም ከእሳትም ለብዙ ዓመታት ቢከለል፣ በዙሪያው ሣር የተጠረገበት የእሳት መከላከያ መስመር ቢወጣለት፣ በዚያ ክፍል ያሉት ዛፎች ዘር እስኪሰጡ ከምንጋፍ ቢያርፉ፣ ቡቃያው ከከብት አፍና ከእሳት በላይ ሲሆን ተራው ወደ ሌላው ክፍል ቢሄድ፣ ሽፋኑ በእውነት ያልተቋረጠ ይሆናል። ተራ ጠብቆ መከለል ለአማራ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም፤ በመንዝ ጓሳ የቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በጋራ ስምምነት ሲከፍት ለብዙ ምዕተ ዓመታት ኖሮ ነበር። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብን የደን ባለይዞታነት ስለሚያውቅ፣ መተዳደሪያ ደንቡን በዚያ ላይ ማቆም ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚጀመረው ግን በትንሽ ሥራ ነው። መስከረም ላይ፣ ሣሩ ሳይደርቅና ቡቃያው ገና ቅጠሉን ሳይጥል፣ ሽማግሌዎች፣ ለቃሚዎችና የእረኛ ልጆች በአንድነት የመለኪያ ገመድ ይዘው ወደ አንድ ክፍል ቢወጡና ከጉልበት በታች፣ ከወገብ በታች፣ ከሰው ቁመት በታች፣ ከዚያም በላይ እያሉ ተተኪዎቹን ቢቆጥሩ፣ ያገኙትንም በደብተር ቢያሰፍሩ፣ የሚከለለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያ ደብተር ይነግራቸዋል። በጀብራ ያሉትም ሆኑ ከዚያ የተበተኑት ለቤተሰብ ከሚልኩት ገንዘብ ላይ የእሳት መከላከያ መስመር ለሚጠርጉ ሰዎች ምሳና የቀን ክፍያ ቢያዋጡ አቅማቸው ይፈቅዳል፤ ሥራው ኅዳር ሳይገባ እንዲያልቅም ደብተሩ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ቢደርሳቸው ይወዳሉ።