የለመዱት ቁስል በኩላሊት ሲመጣ

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነ፣ አመጣጡ ግን ከየቤታችን የማይርቅ አንድ ሕመም ልናወያያችሁ ወደናል።

ከደምበል ሕንፃ ጀርባ ባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ሁላችንም «ሐጂ» እያልን የምንጠራቸው አንድ አባት አሉ። በወጣትነታቸው እግራቸው ተሰብሮ አጥንታቸው አመርቅዞ ነበር። ቁስሉ ይደርቃል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ተከፍቶ መግል ያወጣል። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጃቸው «አባዬ፣ ሐኪም ይየው እንጂ» ስትላቸው «ተይው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ» ይሏት ነበር። ኋላ ግን ጠዋት ሲነሱ ዓይናቸው ሥር ማበጥ፣ ማታ ደግሞ እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልወልቅ ማለት ጀመረ። ሽንታቸውም እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይሠራል። ቤተሰቡ በጨውና በብርድ አሳበበ። ምርመራ ሲደረግላቸው የተጎዳው ኩላሊታቸው ሆኖ ተገኘ። የቆሰለው እግር፣ የታመመው ኩላሊት! ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን

ሰውነታችን ሲቆስል ወይም ተሕዋስ ሲገባበት ይቆጣል። ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። ብግነት ራሱ መከላከያ እንጂ ጠላት አይደለም። በዚህ ጊዜ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣው መልእክት ጉበት ዘንድ ይደርሳል። ጉበትም ሴረም አሚሎይድ ኤ የተባለውን ፕሮቲን ማምረት ይጀምራል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን በአንድ ሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። በብርቱ ሕመም ጊዜ ግን እስከ 1000 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ሕመሙ በቀናት ከዳነ ፕሮቲኑም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው እሳቱ ሳይጠፋ ለዓመታት ሲጨስ ነው። ያለማቋረጥ የሚመረተው ፕሮቲን በአንዳንድ ሰዎች ላይ በሚገባ ሳይፈርስ ይቀራል። ቁርጥራጩ የተፈጥሮ ቅርጹን ይለቅና ከመሰሎቹ ጋር እየተደራረበ ክር ይሆናል። የአንዱ ክር ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ያህል ነው። እናቶቻችን እንደሚያውቁት የተባዘተ ጥጥ ልስልስ ነው፤ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ ግን ወደ ጥጥነቱ መመለስ ያስቸግራል። ይህም እንደዚያው ነው። አንድ ክር ከተጀመረ ለሌሎቹ መያዣ ይሆናል፤ ሰውነትም በቀላሉ ሊያፈርሰው አይችልም። አሚሎይድ የሚባለው ይህ ክምችት ነው።

ክምችቱ በጣፊያ፣ በጉበት፣ በአንጀት፣ ከሁሉም በላይ ግን በኩላሊት ላይ ያርፋል። ደምን የሚያጠራው የኩላሊት ወንፊት ይበላሽና ለሰውነት የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይፈስሳል። አረፋውም እብጠቱም ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ሳይታወቅ ከቆየ ኩላሊቱ ጨርሶ ይደክማል።

ስያሜውን በሰፊው ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1854 ነበር። አዮዲን ሲነካው እንደ ስታርች ቀለሙ ስለተለወጠ ስታርች መሰል ብሎ ጠራው። ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሮቲን መሆኑ ቢታወቅም ስሙ እንደተሳሳተ ቀረ። ዛሬ ሐኪሞች ከኩላሊት፣ ከአንጀት ወይም ከሆድ ስብ ጥቂት ናሙና ወስደው ኮንጎ ሬድ በተባለ ቀለም ይነክሩታል። በተለየ ብርሃን በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ካበራ አሚሎይድ ነው።

በሀገራችን መንስኤው ከየት ይመጣል?

ከደምበል ተነሥተን ወደ ዘነበወርቅ ብንሄድ በሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የታወቀውን የአለርት ሆስፒታል እናገኛለን። አለርት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በግቢው ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ በ1970 ተመሠረተ። ሥጋ ደዌ ቆዳንና ነርቭን ብቻ የሚነካ ይመስለናል። ነገር ግን ተሕዋሱ በበዛባቸው ሕሙማን ላይ ትኩሳትና የሚያሙ እባጮች ያሉበት ቁጣ እየተመላለሰ ይነሣል። በተነሣ ቁጥርም ያ የጉበት ፕሮቲን ይጨምራል። ቀድሞ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ብዙ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የገደለው የኩላሊት ጉዳት አንዱ ምንጭ ይኸው አሚሎይድ ነበር። የሳንባ ነቀርሳም፣ የማይድን የአጥንት ቁስልም፣ ለዓመታት የሚቆይ የመገጣጠሚያ ብግነትም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ።

በቱርኮች፣ በዐረቦችና በአርመኖች ዘንድ ደግሞ በዘር የሚተላለፍ፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመም እያመላለሰ የሚመጣ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ኮልቺሲን የተባለው መድኃኒት ሕመሙን እንደሚገታ ታወቀ። በየቀኑ ሳያቋርጡ የወሰዱት ሰዎች ከአሚሎይድም ተጠበቁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ 374 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። ብግነቱ ከጀመረበት እስከ አሚሎይዱ መታወቅ ድረስ በመካከለኛ ቁጥር 17 ዓመት አልፎ ነበር። ደስ የሚለው ግን ፕሮቲኑ በሕክምና ዝቅ ብሎ ከቆየላቸው ከመቶ 60 በሚሆኑት ላይ ክምችቱ ቀንሶ መታየቱ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ሰውነት የማጽዳት ዕድል ያገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሁሉ አሚሎይድ ይይዘዋል ማለታችን አይደለም፤ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። አረፋማ ሽንትና እብጠትም ከስኳርና ከደም ግፊት ሊመጡ ይችላሉ። በየትኛውም ቢሆን መመርመር ያስፈልጋል።

የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሳል ስለቆመ ብቻ አያቋርጥ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጥ ነውና እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ረመዳን ሲገባም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት እንጂ በራሱ ፈቃድ አይተው። ሥጋ ደዌ ያለበትን ዘመድ ከመሸሸግ ቶሎ ማሳከም ይሻላል። ለዓመታት የሚያመረቅዝ ቁስል፣ የሚያብጥ መገጣጠሚያ ያለበት ሁሉ በየጊዜው ሽንቱን ያስመርምር። ምርመራው ቀላልና ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ኩላሊት ከደከመ በኋላ የሚቀረው ግን እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው፤ ይህም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው።

ሐጂ አጥንታቸው በቀዶ ሕክምና ተጠርጎላቸው ቁስሉ ተዘግቷል። ኩላሊታቸው እንደ ድሮው ባይሆንም እብጠቱ ጎድሎላቸዋል፤ ክትትላቸውንም ቀጥለዋል። በቅርቡ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። «ለምጄዋለሁ ያልኩት ነገር እሱ ለካ እኔን አልለመደኝም» አሉን። በየቤታችን «ተይው፣ ለምጄዋለሁ» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉን። እስቲ በዚህ ወር እጃቸውን ይዘን ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላም።